ሸረሪትን መፍራት ከምን ይመጣል?

ሸረሪት ብዙውን ጊዜ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ፍጥረት ሆና ሳለች፥ ጤናማውንና ብርቱውን ሰው ከመኝታው አስነሥታ ከክፍሉ ታስወጣዋለች። ይህንን በመኝታ ክፍላችን በአንድ ባልንጀራችን ላይ ስላየንና ስቀንበትም ስለ ነበር፥ የነገሩን ምክንያት ልንመረምር ወደድን።

አስቀድሞ አደጋውን መመዘን ይገባል። እስከ ዛሬ የታወቁት የሸረሪት ዓይነቶች ከ50,000 በላይ ናቸው። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የሚያድኗቸውን ነፍሳት የሚገድሉበት መርዝ አላቸው፤ ሰውን በብርቱ ሊጎዱ የሚችሉት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው። እንግዲህ ፍርሃቱ ከአደጋው ጋር አይመጣጠንም።

ታዲያ ከየት ይመጣል? ስታንሊ ራክማን የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ በ1977 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፥ ፍርሃት በሦስት መንገድ ይገባል፤ አንደኛው በራስ ላይ በደረሰ ጉዳት፥ ሁለተኛው ሌላው ሰው ሲፈራ በማየት፥ ሦስተኛው በወሬ ነው። ሦስተኛው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ውኃ የቋጠረ ቁስል በቆዳ ላይ ሲወጣ «ሸረሪት ሸንታበት ነው» ሲባል የሰማ ልጅ፥ ሸረሪት ሳትነካው ይፈራታል። እንዲህ ያለው ቁስል ግን ከልዩ ልዩ በሽታ፥ ወይም በቆዳ ላይ ከተጨፈለቀ ጥንዚዛ መርዝ ሊመጣ ይችላል።

ፍርሃቱ ከገባ በኋላ የሚያቆየው ሽሽት ነው። የሚፈራ ሰው በመሸሹ ለጊዜው ዕረፍት ያገኛል፤ ነገር ግን ቢቆይ ኖሮ ምንም እንደማይደርስበት ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ ሽሽቱ ለፍርሃቱ ቀለብ ይሆነዋል።

መድኃኒቱም ከዚሁ ይገኛል። ሜሪ ኮቨር ጆንስ በ1924 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን ጥቂት በጥቂት እያቀረቡ ፍርሃቱን አስለቅቀውታል። ስዊድናዊው ላርስ ዮራን ኦስትም በ1989 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፥ የሚፈራው ሰው በፈቃዱ ከሐኪሙ ጋር ደረጃ በደረጃ ወደሚፈራው ነገር ሲቀርብ፥ ከሦስት ሰዓት በማይበልጥ አንድ ቀጠሮ ብዙዎች ይሻላቸዋል።

ሸረሪትን በድንገት በሰው ላይ መጣል፥ ቀልድ ቢመስልም፥ ፈቃድንም ደረጃንም ያፈርሳል። እኛ ግን ይህንኑ አድርገን ነበር፤ ባልንጀራችንም ከዚያ በኋላ ለብዙ ሌሊት መብራት ሳያጠፋ ተኛ። ይቅርታ ከጠየቅነው በኋላ፥ በብርጭቆ የተከደነች ሸረሪት ከበሩ ቆሞ ለማየት ራሱ ለመነን። አሁን ከጠረጴዛው ማዶ እስከ መቀመጥ ደርሷል።