ስማርት ሲቲ፦ ከቴክኖሎጂ ወደ ዜጋ የተሸጋገረው ዓለም አቀፍ ውይይት

ስማርት ሲቲ ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው የመንገድ ካሜራ፣ ፈጣን ኢንተርኔትና በሞባይል ስልክ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ትርጓሜ ግን ከዚህ ይሰፋል። በትርጓሜው መሠረት ዘላቂ ስማርት ሲቲ የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂን እንዲሁም ሌሎች ዘዴዎችን በመጠቀም የነዋሪዎችን የኑሮ ጥራትና የአገልግሎት ቅልጥፍናን የሚያሻሽል፣ የአሁኑንና የመጪውን ትውልድ ፍላጎት የሚያሟላ ከተማ ነው።

የጽንሰ ሐሳቡ አመጣጥ

ጽንሰ ሐሳቡ በስፋት መነገር የጀመረው በ2000ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በማስተዋወቁ ረገድ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ከፍተኛ ሚና ነበራቸው። በወቅቱ ትኩረት የተሰጠው በመንገዶችና በሕንፃዎች ላይ በሚተከሉ ሴንሰሮች መረጃ ሰብስቦ ከተማን ከአንድ ማዕከል ለመምራት ነበር። በደቡብ ኮሪያ ከባሕር በተመለሰ መሬት ላይ የተገነባው ሶንግዶ ለዚህ ተጠቃሽ ነው፤ በዚያ የቤት ውስጥ ቆሻሻ በአየር ግፊት ተስቦ በከርሰ ምድር ቧንቧዎች ይጓጓዛል። የብራዚሏ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ደግሞ በ2010 በጎርፍና በመሬት መንሸራተት የብዙ ሰዎች ሕይወት ካለፈ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአየር ሁኔታን፣ የትራፊክ ፍሰትንና የአደጋ ጊዜ ምላሽን በአንድነት የሚከታተል ማዕከል ከፍታለች።

መረጃው የማን ነው?

በካናዳ ቶሮንቶ የጎግል እህት ኩባንያ የነበረው ሳይድዎክ ላብስ በሐይቅ ዳርቻ ዘመናዊ መንደር የመገንባት ዕቅዱን በ2017 ይፋ ሲያደርግ፣ የነዋሪዎች ጥያቄ በመረጃ ባለቤትነት ላይ አተኮረ። በስልኩ መተግበሪያ የሚጠቀም ሰው ፈቃዱን ሊሰጥ ወይም ሊከለክል ይችላል፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ግን ሴንሰር እንቅስቃሴውን ሲመዘግብ ፈቃዱን የሚጠየቅበት አጋጣሚ የለም። የተሰበሰበውን መረጃ ማን እንደሚያስተዳድረው ለረጅም ጊዜ ካከራከረ በኋላ፣ ኩባንያው በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ የተፈጠረውን የኢኮኖሚ አለመረጋጋት ጠቅሶ በሜይ 2020 ዕቅዱን ትቷል።

ዜጋን ማዕከል ያደረጉ አሠራሮች

ባርሴሎና በ2016 ዴሲዲም የተባለ የዲጂታል መድረክ ከፍታ ነዋሪዎች በከተማዋ ዕቅድ ላይ ሐሳብ እንዲያቀርቡና በቀረቡት ላይ እንዲወያዩ አድርጋለች። የመድረኩ ሶፍትዌር ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ሌሎች ከተሞችም ተጠቅመውበታል።

ኢስቶኒያ ከ2001 ጀምሮ የምትጠቀምበት ኤክስ ሮድ የተባለው ሥርዓት ደግሞ ለተገልጋዮች በቀጥታ የሚጠቅም ነው። መረጃው በአንድ ቋት ሳይከማች በየመሥሪያ ቤቱ እንደተቀመጠ ይቆያል፤ መሥሪያ ቤቶችም በሕግ በተፈቀደላቸው መጠን እርስ በርስ ይለዋወጡታል። በዚህም ዜጋው አንድን ሰነድ ከቢሮ ቢሮ ይዞ ከመመላለስ ይድናል፤ በርካታ መዝገቦችን በሚመለከትም መረጃውን የትኛው አካል እንደተመለከተው ማየት ይችላል።

ይህ አስተሳሰብ እየጎለበተ በመምጣቱ፣ በ2023 ናይሮቢ የተካሄደው የዩኤን ሀቢታት ጉባኤ ሰውን ማዕከል ያደረጉ ስማርት ሲቲዎችን የሚመለከት ዓለም አቀፍ መመሪያ እንዲዘጋጅ ወስኗል።

ለአገልግሎት ፈላጊዎች ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያም አገልግሎቶች ወደ ዲጂታል ሥርዓት በመሸጋገር ላይ ሲሆኑ፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። ከዓለም አቀፉ ልምድ በመነሣት ማንኛውም ተገልጋይ የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ማለት ይጠቅመዋል፦

• የግል መረጃ ሲጠየቅ ለምን ዓላማ እንደሚውል ማወቅ፤
• በስሙ የተመዘገበው መረጃ ስሕተት ካለው እንዲታረም መጠየቅ፤
• የይለፍ ቃልንና በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥርን ለማንም አሳልፎ አለመስጠት፤
• አዲስ አሠራር ለአስተያየት ሲቀርብ ሐሳብን ማካፈል።

ስማርት ስልክ የሌላቸው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በአካል ቀርበው የሚገለገሉበት መስኮት ከተዘጋ፣ የአገልግሎቱ ፍጥነት ለእነርሱ ትርጉም አይኖረውም። በመሆኑም የአንድ ከተማ ዘመናዊነት የሚመዘነው በተከላቸው መሣሪያዎች ብዛት ሳይሆን፣ እነዚህ ዜጎች ጉዳያቸውን ያለ እንግልት መፈጸም በመቻላቸው ጭምር ነው።