ቧንቧው ደህና፣ ቦዩ ውኃ

ሐዋሳ ውስጥ ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ እየረጠበ ሲወጣ፣ ቀለሙ ሲያብጥና ነጭ ጨው ሲያወጣ መጀመሪያ የሚጠራው ቀለም ቀቢው ነው። ፍቆ፣ ስቱኮ መትቶ፣ ቀብቶ ይሄዳል። በቀጣዩ ክረምት ግድግዳው ያው ነው። ያኔ እኛ የቧንቧ ሠራተኞች እንጠራለን፤ “የሆነ ቦታ ፈንድቷል፣ ፈልጉልን” ይሉናል። ብዙ ጊዜ ግን የፈነዳ ነገር የለም።

ይህን ለማወቅ መቆፈር አያስፈልግም። መስመር ላይ ውኃ ባለበት ሌሊት፣ ሮቶው ሞልቶ፣ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት የቆጣሪውን ቁጥር ማታ ጽፎ ጠዋት ማመሳከር በቂ ነው። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የንጹሕ ውኃ ቧንቧ አያፈስም።

ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት እንዲሁ አድርገው ጠበቁኝ። “ልጄ፣ ቆጣሪው አልቆጠረም፤ ግድግዳዬ ግን ያለቅሳል” አሉኝ። ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው፤ መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ብሏል፣ ግቢው ባለበት ቀርቷል። ከቆጣሪው ወደ ወጥ ቤት የሚሄደውን ቦይ ግድግዳው አጠገብ ከፈትነው። ቧንቧው ደህና ነው፣ መጋጠሚያው ላይ ጠብታ የለም። ከሥሩ የተነጠፈው አሸዋና ጠጠር ግን ውኃ ተሸክሞ ወደ መሠረቱ ይወርዳል። አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ያልተቆፈረውን አፈር ስነካው ጠጣርና ወዝ ብቻ ያለው ነበር። ውኃው መላውን ግቢ አቋርጦ አልመጣም። እኛ ሠራተኞቹ በቆፈርንለት መንገድ ነው የመጣው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ለቧንቧ የሚቆፈር ቦይ ተመልሶ ሲሞላ እንደ ቀድሞው አይጠቀጠቅም። ውኃም ልል የሆነውን ይመርጣል። አሜሪካዊው ሄንሪ ፍሌግ ፍሬንች በ1859 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ እርሻ ማጠንፈፍ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የውኃ ጠባይ ለጥቅም አውሎታል፤ ቦይ ቆፍረህ ጠጠር ሙላ፣ ውኃው በዚያ ይሄድልሃል። እሱ ከማሳው ለማስወጣት የሠራውን እኛ ሳናስብበት ወደ ቤት ለማስገባት እንሠራዋለን።

ሐዋሳ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ሐይቁን ተጠግታ ሜዳ ላይ ነው። ሐይቁ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ዝናባም ዓመት ሲመጣ ከፍ ይላል፤ ዳርቻው ላይ የምንናፈስበት የአፈር ግድብም የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው። ሐይቁ ከፍ ሲል በአቅራቢያው ያለው የከርሰ ምድር ውኃ አብሮ ይነሳል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ወዲያው አይወርድም። ስለዚህ ሰው ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ “በፀሐይ እንዴት ይረጥባል?” ብሎ ቢገረም አልፈርድበትም። አፈሩም የሐይቅ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ቀላልና ደቃቅ ስለሆነ በቦዩ የሚሄደው ውኃ ጠርጎ ይወስደዋል። ከመሠረቱ ሥር ባዶ ቦታ ሲፈጠር ግድግዳው በብሎኬቱ መጋጠሚያ ደረጃ እየሠራ ይሰነጠቃል። እርጥበቱ ያስጠላል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ይሄኛው ነው።

መፍትሔው ቦዩ መሠረቱን ከመሻገሩ በፊት መዝጋት ነው። ከግድግዳው ውጪ ቢያንስ አንድ ሜትር ርዝመት ያህል አሸዋውንና ጠጠሩን ከቧንቧው ሥር ጭምር አውጥቶ፣ በደንብ የተጠቀጠቀ የሸክላ አፈር ወይም ሊን ኮንክሪት መሙላት። ማገጃው የቦዩን ወለልና ሁለቱንም ጎኖች ገባ ብሎ ያልተነካ አፈር መንካት አለበት፤ አለበለዚያ ውኃው በጎኑ ዞሮ ያልፋል። ኮንክሪት ከሆነ ቧንቧው በስፖንጅ ይጠቅለል፣ ቤቱ ትንሽ ሲቀመጥ እንዳይሰበር። የቀረው ቦይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እየተሞላ ይጠቅጠቅ። አንዴ ደፍቶ በእግር መርገጥ መጠቅጠቅ አይደለም!

ከመሠረቱ ጎን ለጎን የሚሄድ ቦይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከመሠረቱ የታች ጠርዝ በ45 ዲግሪ ወደ ውጪ የሚወርድ መስመር በሐሳባችሁ አስምሩ፤ ቦዩ ከዚያ መስመር በታች ከወረደ ቤቱን የተሸከመውን አፈር እየቆፈራችሁ ነው። የጣሪያው አሸንዳም ውኃውን ቦዩ አናት ላይ አያፍስስ።

ማገጃ የቆመበት ውኃ መሄጃ ይፈልጋል። ታቦር ተራራ ሥር ተዳፋት ስላለ በጠጠር ቦይ ወደ መንገዱ ዲች መምራት ይቻላል። ሐይቁ ዳር ግን ዲቹ ራሱ ሞልቶ የሚያድርበት ጊዜ አለ። እዚያ ውኃው ከታች ወደ ላይ ስለሚነሳ ማገጃው ብቻውን አይበቃም። ወለሉን ከመንገዱ በላይ ከፍ ማድረግና ከግድግዳው ሥር እርጥበት የሚያግድ ንጣፍ ማስገባት የግድ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚሠራው ግድግዳው ከመነሳቱ በፊት ነው። ስለዚህ ሐይቁ አጠገብ ቦታ ያላችሁ ሰዎች ጥቅምት ላይ አንድ ጉድጓድ አስቆፍሩና ውኃው ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ ለክታችሁ ቁጥሩን ለመሐንዲሳችሁ ስጡት።