ሐላዋ፦ ጣፋጭ የሚል ስም ያለው ጣፋጭ

ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ጣፋጭ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ማር ነው። ሐላዋን ብዙዎቻችን ያወቅነው ከመርካቶ ሱቅ፣ ወይም ከሐረርና ከድሬዳዋ ይዞ ከመጣ መንገደኛ ነው።

ቃሉ ዐረብኛ ነው። ሥሩ «ሐ-ል-ው» መጣፈጥን ይናገራል፤ ከእኛ «ህላዌ» ጋር ዝምድና የለውም፣ እርሱ መኖር ነውና። «ሐልዋ» መጀመሪያ የአንድ ምግብ ስም አልነበረም፤ ጣፋጭ የተባለ ሁሉ ሐልዋ ነበር። በ1226 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የአል-ባግዳዲ የምግብ መጽሐፍም ለጣፋጮች የራሳቸውን ምዕራፍ ሰጥቷቸዋል። ስሙ ከአንድ ምግብ ጋር ስላልታሰረ በየደረሰበት ቤት የተገኘውን እህል ለበሰ። ሕንዶች ከካሮት ሳይቀር ይሠሩታል። ቱርኮች «ሄልቫ» ብለው፣ በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት «ሄልቫሃኔ» የሚባል የጣፋጭ ማድ ቤት አቋቋሙለት። ሶማሌዎች «ሐልዎ» ይሉታል፤ ለሠርግ ያቀርቡታል።

መርካቶ የሚሸጠው፣ ሲነካ ፍርፍር የሚለው ዓይነት ግን የሰሊጥ ነው። ሰሊጡ ይፈተጋል፣ ይቆላል፣ ቅባቱ ወጥቶ እስኪላቁጥ ይፈጫል። ስኳሩ ለብቻው ይፈላና፣ እንደ እንዶድ አረፋ ከሚያወጣ የተክል ሥር ውኃ ጋር ነጭ እስኪሆን ይመታል። ከዚያ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፤ እጅ ደጋግሞ ሲያጥፈውና ሲስበው ክር ክር ያለው ገላ ይወጣዋል። የሑመራና የመተማ ሰሊጥ በውጭ ገዢዎች ዘንድ የሚፈለገው አንዱ ለዚሁ ሥራ ነው። ጣፋጩ በባዕድ ስም ይጠራ እንጂ በጎንደር ቆላ የሚበቅል ፍሬ አለበት፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

እንዲህ ያለው የዐረብኛ ቃል ወደ ደጋው የገባው በንግድም ነው። ከደብረ ታቦር ብዙ የማይርቀው ደሪጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበር። ዛሬ ያለ ማመንታት የምንናገራቸው ሱቅ፣ ስኳር፣ ፍንጃል የዐረብኛ ቃላት ናቸው።

ወደ ሐላዋው ስንመለስ፣ የተፈጨው ሰሊጥ «ጣሂና» ይባላል፤ የዐረብኛ ሥሩ መፍጨት ነው። ግእዙም «ጠሐነ» ሲል ፈጨ ማለቱ ነው፤ ይህ ግን ውሰት አይደለም፣ የአንድ ቤት ልጆች የሆኑት የሁለቱ ቋንቋዎች የጋራ ርስት ነው። ጉና ተራራ ሥር ገብስ ቆልታ ፈጭታ፣ በሶውን በማርና በቅቤ የምታሽ እናት ሥራዋ ያው ነው፤ መቁላት፣ መፍጨት፣ ማጣፈጥ።