በረዶው ያለጊዜው ሲሰበር

ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ሲነሳ ብዙዎቻችን የዋልታ እንስሳትን የሚጎዳቸው ሙቀቱ ራሱ ይመስለናል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ትልቁ ችግር በረዶው የሚሰበርበት ጊዜ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ኤምፐረር የሚባለው ትልቁ የፔንግዊን ዓይነት ነው።

ኤምፐረር ፔንግዊን የሚራባው በደቡብ ዋልታ፣ በአንታርክቲካ ብቻ ነው። ወፍ ቢሆንም አይበርም፤ ምግቡን የሚያገኘው ባህር ውስጥ ጠልቆ ነው። ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባህሩ ላይ በረጋው በረዶ ላይ ነው። ሴቷ በግንቦትና በሰኔ ገደማ አንድ እንቁላል ብቻ ትጥላለች። እሷ ምግብ ፍለጋ ወደ ባህር ስትሄድ ወንዱ እንቁላሉን እግሩ ላይ አድርጎ፣ ምንም ሳይበላ፣ በዚያ ሁሉ ብርድ ሁለት ወር ያህል ይታቀፈዋል።

ጫጩቱ ሲፈለፈል ገላው ጥጥ በመሰለ ለስላሳ ላባ የተሸፈነ ነው። ይህ ላባ ብርድ ይከላከላል እንጂ ውሃ አይችልም። ውሃ የማያስገባው ላባ ወጥቶ የሚያልቀው በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ነው። ታዲያ በረዶው ከዚያ በፊት ከተሰበረ ጫጩቱ ወይ ይሰምጣል፣ ወይ በብርድ ይሞታል።

ይህም በእርግጥ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 ሃሊ ቤይ በተባለው ቦታ፣ የጫጩቶቹ ላባ ሊደርስ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ ማዕበል በረዶውን ሰባበረው። በ2017ና በ2018ም እዚያ ያደገ ጫጩት የለም ማለት ይቻላል። በ2022 ደግሞ የአንታርክቲካ የባህር በረዶ በጣም ቀንሶ ስለነበር፣ በቤሊንግስሃውዘን ባህር አካባቢ ከሚታወቁት አምስት የመራቢያ ቦታዎች በአራቱ በረዶው ቶሎ ጠፋ፤ አንድም ጫጩት አልተረፈም ተብሎ ይገመታል። ሳይንቲስቶች ይህን የሚከታተሉት በሳተላይት ፎቶግራፍ ነው። እንዴት? የወፎቹ ኩስ በነጩ በረዶ ላይ ቡናማ ሆኖ ስለሚታይ ነው።

ኤምፐረር ረጅም ዕድሜ ስለሚኖር አንድ መጥፎ ዓመት አያጠፋውም። ከሃሊ ቤይም ብዙዎቹ ወደ ሌላ የመራቢያ ቦታ ሄደዋል። ነገር ግን ሙቀቱ እየጨመረ መጥፎዎቹ ዓመታት ከተደጋገሙ፣ የሚሄዱበትም ቦታ በረዶ ካጣ፣ ሽማግሌዎቹን የሚተካ ወጣት አይኖርም።

ለመምህራን፦ አንድ የዶሮ ክንፍ ላባና ጥቂት ጥጥ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አውጡ። የትኛው ውሃ መጠጠ? ተማሪዎች ጫጩቱ ለምን እንደሚሰምጥ ራሳቸው ያስረዱ።