የሕክምና መሣሪያ ሽያጭ ወይስ የሶፍትዌር ሽያጭ? አዲስ ተመራቂዎች የሥራ ውል ከመፈረማቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል በሚገኘው ጉለሌ ክፍለ ከተማ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እና የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይገኛሉ። ስለሆነም አካባቢው ለሕክምና መሣሪያ አቅራቢ ድርጅቶች ዋነኛ የሥራ ቦታ ነው። በዚያው ልክ በክፍለ ከተማው ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮች፣ ፋርማሲዎችና የንግድ መደብሮች የሒሳብ፣ የዕቃ ክምችትና የደንበኛ መዝገብ ሶፍትዌር ገዢዎች ናቸው።

በመሆኑም በፋርማሲ፣ በነርሲንግ፣ በላቦራቶሪ፣ በባዮሜዲካል ምሕንድስና፣ በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በአካውንቲንግ ወይም በማርኬቲንግ የተመረቁ ሥራ ፈላጊዎች ሁለቱንም የሽያጭ ሙያዎች በአማራጭነት ያገኟቸዋል። ምርጫው በዘርፉ ስም ብቻ ሊወሰን አይገባም። ገቢው መቼና በምን መልክ እንደሚከፈል፣ የሥራ ውሉም ምን ዋስትና እንደሚሰጥ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።

የሕክምና መሣሪያ ሽያጭ ባሕርይ

የሕክምና መሣሪያ ቁጥጥር የሚደረግበት ምርት ነው። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መሣሪያው ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ፣ አስመጪውም የብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ለመንግሥት የጤና ተቋማት የሚቀርብ መሣሪያ በአብዛኛው በጨረታ ይገዛል። ከቴክኒክ መግለጫ ዝግጅት አንሥቶ ጨረታ፣ ግምገማ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓት፣ ተከላ፣ የተጠቃሚዎች ሥልጠናና ርክክብ ይከተላሉ።

ይህ ሒደት ከወራት እስከ ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዋጋ ማቅረቢያና በግዢ መካከል ያለው የጊዜ ርቀት የሻጩን ድርጅት ትርፍ በቀጥታ ይነካል። ኮሚሽኑ በትርፍ ላይ የሚሰላ ከሆነ የሽያጭ ሠራተኛው ገቢም አብሮ ይለዋወጣል።

ሥራው ስለ መሣሪያው አሠራር፣ ስለ መለዋወጫና ስለ ጥገና ጠለቅ ያለ ዕውቀት ይጠይቃል። ላቦራቶሪ ውስጥ የተተከለ መመርመሪያ ቢቆም ታካሚዎች ውጤት ሳያገኙ ይመለሳሉ። ስለዚህ የሽያጭ ሠራተኛው ኃላፊነት በርክክብ አያበቃም።

የሶፍትዌር ሽያጭ ባሕርይ

በሶፍትዌር ሽያጭ አንድ ፋርማሲ ወይም ትምህርት ቤት በፕሮፎርማ አወዳድሮ በሳምንታት ውስጥ ሊወስን ይችላል። ይሁንና የእያንዳንዱ ሽያጭ መጠን አነስተኛ ስለሚሆን ሠራተኛው ብዙ ደንበኞችን ማግኘት ይጠበቅበታል። ለባንክ፣ ለሆስፒታል ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሸጥ ትልቅ ሥርዓት ግን እንደ ሕክምና መሣሪያው ረጅም የጨረታ ሒደት ያልፋል።

ገቢው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያ ክፍያና ከዓመታዊ እድሳት ይገኛል። ደንበኛው ሶፍትዌሩን መጠቀም ካቆመ የእድሳቱ ገቢ ይቀራል። ሠራተኛው ሕጋዊ ጉዳዮችንም ማወቅ ይኖርበታል፤ ለምሳሌ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሕሙማንንና የተማሪዎችን መረጃ በሚይዙ ሥርዓቶች ላይ ግዴታ ይጥላል።

ኮሚሽን በሕግ ፊት

የሁለቱም ዘርፎች ማስታወቂያዎች በአብዛኛው “ማራኪ ኮሚሽን” የሚል ሐረግ ይይዛሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 መሠረት ግን ኮሚሽን እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። ስለሆነም በደመወዝ ላይ ተመሥርተው የሚሰሉ መብቶች፣ ማለትም የዓመት ፈቃድ ክፍያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያና የመሳሰሉት፣ ኮሚሽኑን አይጨምሩም። በአንጻሩ ኮሚሽን ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ በመሆኑ ግብር ይከፈልበታል።

ለአብነት አንድ ተመራቂ ሁለት የሥራ ዕድሎች ቀረቡለት እንበል። የመጀመሪያው በወር 12,000 ብር ደመወዝና አነስተኛ ኮሚሽን፣ ሁለተኛው 5,000 ብር ደመወዝና ከፍተኛ ኮሚሽን ይሰጣል። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በመጀመሪያው ውል በየወሩ በድምሩ 2,160 ብር ለጡረታ ገቢ ሲሆን በሁለተኛው 900 ብር ብቻ ይሆናል። ሽያጭ በሌለበት ወር ደግሞ ሁለተኛው ሠራተኛ የቤት ኪራዩንና ትራንስፖርቱን በ5,000 ብር መሸፈን ይኖርበታል።

በኮሚሽን ብቻ የሚሠራ ሰው በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት እንደሚሠራ የሚገልጽ ውል ከፈረመ ከአዋጁ ጥበቃ ውጭ የመሆን ስጋት አለበት። እንዲህ ያለውን ውል በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።

የሙከራ ጊዜና የሽያጭ ጊዜ

በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ካልሆነ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብተው ይችላል። የሕክምና መሣሪያ ጨረታ ግን በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ ተጀምሮ ላያልቅ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ በሙከራ ጊዜው የሚመዘነው በተጠናቀቀ ሽያጭ ነው ወይስ በጉብኝት፣ በተዘጋጀ የዋጋ ማቅረቢያና በተገኘ ሥልጠና የሚለውን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ከመፈረም በፊት ሊነሡ የሚገባቸው ጥያቄዎች

1. ኮሚሽኑ የሚከፈለው ውል ሲፈረም፣ ዕቃው ሲረከብ ወይስ ደንበኛው ሲከፍል ነው?
2. ስሌቱ በጠቅላላ ሽያጭ ላይ ነው ወይስ በትርፍ ላይ?
3. ሠራተኛው ሥራ ቢለቅ ያስጀመረው ሽያጭ ኮሚሽን ለማን ይሆናል?
4. የትራንስፖርትና የስልክ ወጪ በማን ይሸፈናል?
5. በሶፍትዌር ሽያጭ፣ ከዓመታዊ እድሳት ላይ ኮሚሽን ይታሰባል?
6. በሕክምና መሣሪያ ሽያጭ፣ ምርቱ ተመዝግቧል? የጥገና ባለሙያና መለዋወጫስ አለ?

መልሶቹ በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ሊሰፍሩ ይገባል። የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለበት። በተጨማሪም ሽያጭ ለማግኘት ለግዢ ሠራተኞች ወይም ለኃላፊዎች ጥቅም መስጠት በሙስና ወንጀል የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ አሠሪ ቢያዝዝም ሊፈጸም አይገባም።

የትኛው ለማን ይስማማል?

የጤና ወይም የባዮሜዲካል ትምህርት ያለው፣ ረጅም ሒደትን በትዕግሥት የሚከታተልና የመጀመሪያዎቹን ወራት በደመወዙ መቆየት የሚችል ተመራቂ በሕክምና መሣሪያ ሽያጭ ሙያዊ ዕውቀቱን ያዳብራል። ፈጣን ውሳኔና ብዙ ደንበኛ የሚስማማው፣ የሒሳብ አሠራርን ወይም ኮምፒውተርን የሚያውቅ ደግሞ በሶፍትዌር ሽያጭ ቶሎ ልምድ ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱን ለማገናኘት የሚሹ ተመራቂዎች የሆስፒታልና የላቦራቶሪ መረጃ ሥርዓቶችን ሽያጭ በሦስተኛ አማራጭነት ሊያዩ ይችላሉ። በቤተሰብ ኃላፊነት ምክንያት ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ቋሚ ገቢ የሚያስፈልገው ሰው ግን ዘርፉ የትኛውም ቢሆን ለመደበኛ ደመወዙ መጠን ቅድሚያ ቢሰጥ ይመከራል።

አገልግሎት ለማግኘት

የጉለሌ ነዋሪ የሆኑ ሥራ ፈላጊዎች በሚኖሩበት ወረዳ በሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ቀርበው በኢትዮጵያ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት መመዝገብ ይችላሉ። የአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። ያልተከፈለ ደመወዝ ወይም ሌላ ክፍያ የሚጠይቅ ሠራተኛ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወራት ውስጥ ጥያቄውን ካላቀረበ መብቱ በይርጋ ይታገዳል። ስለሆነም የተፈረመ ውል፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነድና ኮሚሽንን የሚመለከቱ ደብዳቤዎች ቅጂ በሠራተኛው እጅ መቀመጥ አለባቸው።