እንቅርትና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት

መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ አባቶቻችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላሉ። እንቅርት ያለበትን ሰው ኢንፍሉዌንዛ ሲይዘውም ነገሩ እንዲሁ ነው። ስለዚህ በለቡና በዙሪያዋ የምትኖሩ እናቶች «የእንቅርት ኪኒን እየዋጥኩ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ብወጋ ይጎዳኝ ይሆን?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን አስቀድመን እንናገር። እንቅርት ወይም ሌላ የታይሮይድ በሽታ ክትባቱን አይከለክልም። ምክንያቱን ቀጥለን እናስረዳለን።

1. ታይሮይድ ምንድን ነው?

ታይሮይድ በአንገታችን ፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ ነው። ሥራውም ሆርሞን የሚባለውን ንጥረ ነገር ማመንጨት ነው። ይህ ሆርሞን ሰውነታችን ምግብን ወደ ኃይልና ወደ ሙቀት የሚለውጥበትን ፍጥነት ይቆጣጠራል። ዕጢው ለዚህ ሥራ አዮዲን ያስፈልገዋል፤ አዮዲን ሲያጣ ግን እያበጠ ይሄዳል። በአገራችን የእንቅርት ዋነኛው ምክንያት ይኸው ነው። በ1997 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ከመቶው 36 ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል።

ዳሩ ግን እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዷ አንገቷ ያብጥ እንጂ ሆርሞኗ ልክ ነው። ሌላዋ ሆርሞኑ አንሷት ብርድ ይበረታባታል፣ ይደክማታል፣ ሆዷ ይደርቃል። ሦስተኛዋ ደግሞ ሆርሞኑ በዝቶባት እየበላች ትከሳለች፣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በላብ ትሆናለች። እናንተ ከየትኛው ወገን እንደ ሆናችሁ በደም ምርመራ ይታወቃል።

2. ኢንፍሉዌንዛ ተራ ጉንፋን አይደለም

ጉንፋን አፍንጫ ያዝረከርካል፣ ጥቂት ቀን ያስላል፣ ይሄዳል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በድንገት ብርቱ ትኩሳት፣ ቁርጥማትና ሳል ይዞ ይመጣል፤ ወደ ሳንባም ሊወርድ ይችላል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው «የኅዳር በሽታ» ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በከተማው ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንደ ሞተ፣ እርሳቸውም በጠና ታመው እንደ ዳኑ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማጠን የቀረልን ከዚያ ጊዜ ነው። ግቢ መጥረግ መልካም ልማድ ነው፤ ጭሱ ግን ኢንፍሉዌንዛን አያስቀርም፤ በሽታው የሚተላለፈው በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ነውና። ለቡም ከተማና ገጠር የሚገናኙባት፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ያለባት ቦታ ስለ ሆነች መንገደኛ የያዘው በሽታ ቶሎ ወደ ቤት ይገባል።

3. ክትባቱ ምን ያደርጋል?

በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ የለበትም፤ ስለዚህ ኢንፍሉዌንዛ ሊያሲዝ አይችልም። ሰውነት ጠላቱን አስቀድሞ እንዲያውቅና መከላከያውን እንዲያዘጋጅ ያስተምረዋል፤ ለዚህም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ቫይረሱ መልኩን ስለሚለዋውጥ በየዓመቱ መወጋት ያስፈልጋል። መርፌው የታይሮይድ መድኃኒታችሁን ሥራ አያበላሽም። ስለዚህ ለመርፌው ብላችሁ ኪኒን አታቋርጡ።

እንዲያውም የታይሮይድ ሕመምተኛ ከክትባቱ ብዙ ይጠቀማል። ሆርሞኑ በዝቶበት ገና ያልታከመ ሰው ብርቱ ትኩሳት ቢይዘው ልቡ ከአቅም በላይ ሊመታና ሕይወቱ በአደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እንቅርቱ ገዝፎ የመተንፈሻ ቧንቧውን የተጫነውም ሰው ሳልና የሳንባ ሕመም ሲጨመርበት መተንፈስ ይቸግረዋል። እርጉዝ እናት ብትወጋ ደግሞ የሚወለደውንም ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ትጠብቀዋለች። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ራሱ አይከተብምና።

4. ሐኪም ሳያማክር መወጋት የሌለበት ማን ነው?

ሀ) ከዚህ በፊት ይህንኑ ክትባት ተወግቶ ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው፤
ለ) ከክትባቱ በኋላ በ6 ሳምንት ውስጥ እጅና እግሩ የሰነፈበት፤
ሐ) አሁን ብርቱ ትኩሳት ያለበት፤ ይህ እስኪሻለው ይቆይ።

ከተወጉ በኋላ ክንድ ቢያም፣ ቀለል ያለ ትኩሳት ቢመጣ አይዟችሁ፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል።

5. ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ

ይህን በደንብ ያዙት። ሆርሞን ለበዛበት ሰው የሚሰጡት ካርቢማዞልና ፒ.ቲ.ዩ. የሚባሉት ኪኒኖች፣ አልፎ አልፎ፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያጠፋሉ። ምልክቱ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና የአፍ ቁስል ነው። ይህ ሲመጣ «ቶንሲል ነው»፣ «ጉንፋን ነው»፣ «የመርፌው ነው» እያሉ በዳማከሴ ሲያክሙ መዋል ሰው ይገድላል። ክትባቱ ክንድ ያሳምማል እንጂ ጉሮሮ አያቆስልም። ስለዚህ እነዚህን ኪኒኖች የምትውጡ፣ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲሰማችሁ ቀጣዩን ኪኒን ሳትውጡ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የኪኒኑን ስም ተናግራችሁ የደም ምርመራ ይደረግልን በሉ።

ሆርሞን ላነሰው የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን ግን ይህ ጠባይ የለውም፤ ቢያማችሁም አታቋርጡት። በተለይ እርጉዝ እናት ብታቋርጠው ጽንሱ ይጎዳል።

6. ክትባቱ ባይገኝስ?

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአገራችን መደበኛ የክትባት ዝርዝር ውስጥ የለም። ይገኝ እንደ ሆነ፣ ዋጋውም ስንት እንደ ሆነ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ጠይቁ። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የታይሮይድ ኪኒኑን አስቀድሙ። ክትባት ተገኘም አልተገኘ እነዚህን በቤታችሁ ፈጽሙ፤

— ስታስሉ አፋችሁን በክርናችሁ ሸፍኑ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
— የታመመ ሰው ከሕፃንና ከአረጋዊ ተለይቶ ይተኛ፤ መስኮት ይከፈት፤ ኩባያው ለብቻ ይሁን።
— ለታመመው ውኃና አጥሚት ደጋግማችሁ ስጡ፤ ለልጅ አስፒሪን አትስጡ።
— ትንፋሽ ካጠረው ወይም ልቡ ከመጠን በላይ ከመታ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና ውሰዱት።
— አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፤ በክዳን ዕቃ አኑሩት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።
— እንቅርትን አታስተኩሱ፤ አታስበጡ።

እንግዲህ እናቶች፣ ስለ ክትባቱ ስትወስኑ እንቅርታችሁ አያስፈራችሁ። የምትውጡትን ኪኒን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙ አሳዩት፣ ጠይቁ፣ ከዚያ ወስኑ። የእናት ጤና የቤት ምሰሶ ነው።