ለግራኝ አዳኝ የሚስማማ ጠመንጃ እንዴት ይመረጣል?

(በራዲዮ የተሰማ ንግግር)



በቋንቋችን «ግራ» የሚለው ቃል ዕድለ ቢስ ነው። ነገር የተምታታበት ሰው «ግራ ገባኝ» ይላል፤ ሁለት ሰዎች ሳይግባቡ ቢቀሩም «ግራ ተጋቡ» ይባላል። ሕፃን ልጅ በግራ እጁ ጕርሻ ያነሣ እንደ ሆነ ከመሶቡ ዙሪያ «በቀኝህ!» የሚል ተግሣጽ ይደርስበታል። በትምህርት ቤትም እርሳሱን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ እንዲያዛውር ሲገደድ የኖረው ተማሪ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ከዐሥር ሰዎች አንዱ ያህል ግራኝ ሆኖ የሚፈጠር መሆኑ የታወቀ ነው። ግራኝነት ጕድለት አለመሆኑንም ታሪክ ይመሰክራል። በመጽሐፈ መሳፍንት የተጠቀሱት ሰባት መቶ ግራኞች የብንያም ሰዎች በወንጭፍ አልመው የማይስቱ ነበሩ። በአገራችንም በ16ኛው መቶ ዓመት ታላቅ ጦር ያንቀሳቀሱት ኢማም አሕመድ ኢብራሂም እስከ ዛሬ ድረስ የሚታወቁት «ግራኝ» በሚለው ቅጽል ስማቸው ነው።

ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ጥንቱ ጦር ሳይሆን፣ ግራኝ የሆነ አዳኝ አቅሙ በሚችለው ዋጋ የሚስማማውን ጠመንጃ እንዴት እንደሚመርጥ ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 የሚመራ፣ አደንም ያለ ፈቃድ የማይደረግ ስለ ሆነ፣ ምሳሌውን የምወስደው ለግራኝ የሚሆነው ጠመንጃ በብዛት ከሚሸጥበት ከአሜሪካ ገበያ ነው። ነገሩ ጠባብ ቢመስልም ከውስጡ የሚገኘው ትምህርት ሰፊ መሆኑን ንግግሬን ስጨርስ ትፈርዱልኛላችሁ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በእጅ የሚቀባበል የአደን ጠመንጃ አሠራሩ ቀላል ነው። ተኳሹ በጠመንጃው ጐን የወጣውን እጀታ ይዞ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ወደ ኋላ ሲስበው የተተኰሰው ቀለህ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ወደ ፊት ሲገፋው ከካዝናው አዲስ ጥይት ይዞ ይገባል፤ እጀታው ወደ ታች ሲመለስ ማቀባበያው ይቈለፋል። ይህ እጀታ በአብዛኞቹ ጠመንጃዎች ላይ የሚገኘው በቀኝ በኩል ነው። በቀኙ የሚተኵስ ሰው ሰደፉን ከቀኝ ትከሻው ላይ እንዳሳረፈ፣ ግራ እጁም ጠመንጃውን ከፊት እንደ ደገፈ፣ ቀኝ እጁን ከምላጩ አንሥቶ ያቀባብልና ይመልሰዋል። ዐይኑ ከዒላማው አይነሣም።

ግራኙ ግን ይህንኑ ጠመንጃ በግራ ትከሻው ላይ ሲያሳርፈው ከሁለት አንዱን ለማድረግ ይገደዳል። አንደኛው፣ ግራ እጁን በማነጣጠሪያው መነጽር ላይ አሻግሮ በቀኝ በኩል ያለውን እጀታ መያዝ ነው፤ ይህን ሲያደርግ ጕንጩ ከሰደፉ ይነሣል፣ ዒላማውም ከዐይኑ ይሰወራል። ሁለተኛው፣ ጠመንጃውን ከፊት የደገፈበትን ቀኝ እጁን ማንሣት ነው፤ ይህን ሲያደርግ ደግሞ አፈሙዙ ይዘቀዝቃል። ይህ ሁሉ የጥቂት ሰከንዶች መዘግየት ነው ተብሎ ይናቅ ይሆናል። ነገር ግን በመጀመሪያው ጥይት የቈሰለ አጋዘን እነዚያን ሰከንዶች ቆሞ አይጠብቅም። ሁለተኛው ጥይት የዘገየበት አዳኝ እንስሳውን በጫካ ውስጥ ለረጅም ሥቃይ አሳልፎ ይሰጠዋል። ስለዚህ የጠመንጃው መስማማት የምቾት ጕዳይ ብቻ ሳይሆን፣ የሕሊናም ጕዳይ ነው።

ከዚህም ሌላ የደኅንነት ነገር አለ። ዛሬ ለምናያቸው ብዙ የአደን ጠመንጃዎች አባት የሆነው የጀርመኑ የማውዘር ጠመንጃ በ1898 ሲወጣ፣ ቀለህ ተሰንጥቆ ትኵስ ጋዝ ወደ ኋላ ቢያመልጥ የተኳሹ ፊት እንዳይጐዳ ጋዙ በግራ በኩል እንዲወጣ ሆኖ ተሠራ።   ይሁን እንጂ አሮጌ የወታደር ጠመንጃ በርካሽ አግኝቶ የሚገዛ ግራኝ ጠመንጃውንና ጥይቱን በባለሙያ ሊያስመረምር፣ በሚተኵስበትም ጊዜ ሁሉ የዐይን መከላከያ መነጽር ሊያደርግ ይገባዋል።

በአባቶቻችን እጅ የነበሩት ውጅግራና ምንሽርም ማቀባበያቸው በቀኝ በኩል ነበረ። ግራኝ የነበረው ወታደር የነበረው ምርጫ በቀኙ መተኰስን መማር ወይም እንደ ምንም ብሎ በግራው መታገል ነበር። በሌላውም ዓለም የነበረው ሁኔታ ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። ምክንያቱም ክፋት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ለግራኝ የሚሆነው ጠመንጃ የማቀባበያውና የማቀባበያው ቤት ቅርፅ በመስተዋት ውስጥ እንደሚታይ ምስል ተገልብጦ ለብቻው መሠራት አለበት፤ ገዢው ግን ከዐሥር አንድ ነው። ለጥቂት ገዢዎች ልዩ መሣሪያ ማሰናዳት ለፋብሪካ ኪሳራ መስሎ ስለሚታይ፣ ግራኝ የሚስማማውን የሚያገኘው ባለጠጋ ሆኖ ሲያሠራ ብቻ ሆኖ ኖረ።

ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው የአሜሪካው የሳቬጅ ኩባንያ ኒኮላስ ብሩወር በሚባል መሐንዲስ የተነደፈውን 110 የተባለ ጠመንጃ በ1958 ባወጣ ጊዜ ነው። ጠመንጃው በቀላሉና በጥቂት ወጪ እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈ ነበረ። በርሜሉ ከጠመንጃው አካል ጋር የሚጋጠመው በትልቅ ዳዶ ስለ ሆነ፣ ለልኬቱ ትክክለኛነት ብዙ የባለሙያ ድካም አያስፈልገውም። በሚቀጥለው ዓመት በ1959 የዚሁ ጠመንጃ የግራኝ ዓይነት ወጣ፤ መካከለኛ ገቢ ያለው ግራኝ ሠራተኛም ከፋብሪካ የወጣ፣ ለእርሱ የተሠራ ጠመንጃ ከሱቅ ሊገዛ ቻለ። የሥራው ዘዴ ሲቀልል ችላ የተባለውም ሰው ድርሻውን አገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። የመጀመሪያው ምክሬ ከሱቅ በፊት ነው፤ ከእጅህ በፊት ዐይንህን መርምር። ሁለት እጅ እንዳለን ሁሉ ከሁለቱ ዐይኖቻችን አንደኛው ለማነጣጠር የሚቀድም ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ በዋናው እጅ በኩል አይሆንም። መመርመሪያው ቀላል ነው። ሁለት እጆችህን ወደ ፊት ዘርግተህ በመዳፎችህ መካከል ትንሽ ቀዳዳ አብጅና፣ ሁለቱንም ዐይኖችህን ገልጠህ በርቀት ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የግድግዳ ሰዓት፣ በቀዳዳው ውስጥ ተመልከት። ከዚያም ተራ በተራ አንዱን ዐይን ጨፍን። ሰዓቱ በቀዳዳው ውስጥ የሚቈየው የትኛው ዐይን ተገልጦ ሳለ እንደ ሆነ እርሱ ቀዳሚ ዐይንህ ነው። በግራ እጁ የሚጽፍ ሰው ቀዳሚው ዐይኑ የቀኙ ሆኖ ቢያገኘውና መተኰስን ገና የሚጀምር ቢሆን፣ በቀኝ ትከሻው መተኰስን መሞከር ይበጀዋል፤ ምናልባትም ልዩ ጠመንጃ ፍለጋ መድከም አያስፈልገውም። እጁም ዐይኑም ግራ የሆነ ሰው ግን ያለ ማመንታት ለግራኝ የተሠራውን ይፈልግ።

ሁለተኛው ነገር የጠመንጃው ዓይነት ነው። በዝቅተኛ ዋጋ ከሚታወቁት መካከል ሳቬጅ አክሲስ የሚባለውና በ2012 ገበያ ላይ የዋለው ሩገር አሜሪካን የግራኝ ዓይነት የተሠራላቸው ናቸው። የሁለቱም ሰደፍ ከእንጨት ሳይሆን ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ለውበቱ ብዙ ያልተደከመበት ነው፤ ነገር ግን በዋጋቸው ልክ ሲታዩ ዒላማ በመምታት ይመሰገናሉ። ጥይት ሳይታሰብ እንዳይተኰስ የሚያግደው መቈለፊያቸውም ከማቀባበያው በስተ ኋላ በመካከል ላይ ስለ ሆነ፣ ለግራም ለቀኝም አውራ ጣት እኩል ይመቻል። ገንዘብ ለመጨመር የሚችል ደግሞ በፊንላንድ አገር በሳኮ ፋብሪካ የሚሠራውን ቲካን ይመልከት። ቲ3 የሚባለው በ2003፣ ተሻሽሎ ቲ3ኤክስ የተባለውም በ2016 የወጣ ሲሆን፣ የግራኝ ዓይነትም አለው፤ ማቀባበያውም ያለ ችግር በመንሸራተቱ የታወቀ ነው።

በሱቅ ውስጥ ሳለህ ከሁሉ አስቀድመህ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ካዝናውንም የጥይቱንም ጐሬ አይተህ አረጋግጥ፤ አፈሙዙንም ሰው ወደሌለበት አዙር። ከዚያም ዐይንህን ጨፍነህ ሰደፉን ከግራ ትከሻህ ላይ አሳርፈው፤ ስትገልጥ ዐይንህ ያለ መፈለግ በመነጽሩ መካከል ቢገኝ ጠመንጃው ለአካልህ ልክ ነው። የሰደፉንም የጕንጭ ማሳረፊያ ተመልከት። ለቀኝ ተኳሽ ሲሠራ ማሳረፊያው በግራ ጐን በኩል ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ለግራኝ ግን ከፍታው በቀኝ ጐን መሆን አለበት። ማቀባበያው ለግራኝ ሆኖ ሰደፉ የቀኝ ተኳሽ ቢሆን ግማሽ ልብስ እንደ መልበስ ነው።

ሦስተኛው የጥይቱ ምርጫ ነው። ፋብሪካዎች የግራኙን ጠመንጃ በሁሉም የጥይት ዓይነት አያወጡትም። ስለዚህ ግራኝ በየሱቁ በቀላሉ የሚገኘውን የተለመደ ጥይት ቢመርጥ ይሻለዋል። ከ1906 ጀምሮ የኖረው 30-06፣ በ1952 የወጣው 308 ዊንቸስተር፣ በ1955 የወጣው 243 ዊንቸስተር፣ በ2007 የወጣው 6.5 ክሪድሙር ሁሉም አጋዘንን ለማደን የሚበቁ ናቸው። ከእነዚህ የ243 ርግጫው ቀለል ያለ ነው፤ የ6.5ም ከ308 ይቀላል። ርግጫው የሚያስደነግጠው ሰው ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዐይኑን ይጨፍናልና፣ ለጀማሪ ኀይለኛው ጥይት ጠቃሚው ጥይት አይደለም።

ገንዘቡ የማይበቃ ሰውስ ምን ያድርግ? ተስፋ አይቍረጥ። ተጐንብሶ የሚከፈት ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ለሁለቱም እጆች እኩል ነው፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ነው። ከምላጩ በታች ያለው ማንሻ ወደ ታች ተስቦ የሚቀባበለውም፣ እንደ 1894ቱ ዊንቸስተር ያለው፣ እጅ አይመርጥም። ከዘመድ የተረፈ የቀኝ ጠመንጃ ያለውም ቢሆን፣ ጠመንጃውን በጽኑ ማሳረፊያ ላይ አስደግፎ ከአንድ ቦታ ሆኖ የሚያድን ከሆነ፣ ግራ እጁን ከምላጩ አጠገብ እንደያዘ በቀኝ እጁ ማቀባበል ይችላል። ችግሩ የሚጠነክረው ቆሞና እየተዘዋወረ ለሚያድን ሰው ነው።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ልጨምር። ደመወዝተኛ ሰው በጠመንጃው ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ብቻ አይቶ ቢቸኵል፣ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ይሆንበታል። መነጽሩ፣ የመነጽሩ ማሰሪያ፣ ቤት ውስጥ ከልጆች እጅ የሚጠበቅበት የተቈለፈ ሣጥን፣ ከሁሉም በላይ ለልምምድ የሚሆነው ጥይት በወጪው ውስጥ መታሰብ አለባቸው። ውድ ጠመንጃ ገዝቶ ለልምምድ ጥይት ከሚያጣ ሰው ይልቅ፣ መጠነኛ ጠመንጃ ይዞ አዘውትሮ የሚለማመድ ሰው ይበልጣል። እንደዚሁም የግራኝ ጠመንጃ መልሶ ሲሸጥ ገዢው ጥቂት ስለ ሆነ ሊዘገይ ይችላልና፣ ለመለወጥ ሳይሆን ለመያዝ አስቦ መግዛት ይገባል።

አድማጮቼ ሆይ፤ ጠመንጃን ምሳሌ ያደረግሁት በእርሱ ላይ ስሕተቱ ጐልቶ ስለሚታይ ነው። ነገር ግን መቀሱም፣ ክንዱ በቀኝ በኩል ብቻ የተሠራለት የመማሪያ ወንበርም፣ በየመሥሪያ ቤታችን በሰንሰለት በቀኝ በኩል የታሰረው እስክሪብቶም ያንኑ ነገር ይናገራሉ። ከዐሥር ባለጕዳዮች አንዱ በእነዚህ ፊት በደረሰ ቍጥር ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል፤ ጥፋቱ ግን በሠራተኛው ንድፍ ላይ እንጂ በእጁ ላይ አይደለም። ዕቃ ለመሥሪያ ቤቱ የሚገዛ ሹም፣ ክፍል የሚያደራጅ መምህር፣ ልጁን የሚያሳድግ አባትም ከመግዛቱና ከመገሠጹ በፊት «ይህ መሣሪያ የተሠራው ለማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ድካም ይቀራል። ነገ ማለዳ ልጃችሁ እርሳሱን በግራ እጁ ቢያነሣ እጁን አትምቱት፤ ደብተሩን ወደሚመቸው በኩል አዘንብሉለት።